ወረቀቱ አንድ ይላል

መካኒኩ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የአውቶቡስ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ አሁን ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ስኳር ከያዛቸው ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በየቀኑ ሆዳቸውን ቆንጠጥ አድርገው ኢንሱሊን ይወጋሉ፤ ሬዲዮ እየሰሙ፣ አንዳንዴም ከሰው ጋር እየተጨቃጨቁ። መርፌ ለሳቸው ፊት እንደ መታጠብ ነው።

ድመቱን ግን አይወዱትም ነበር። ድመቱ የምራታቸው ነው፤ ስታገባ ከሁለት ሻንጣ ጋር ይዛው የመጣች ግራጫ ሆዳም። አረማመዱ ቢሮ እንደሚገባ ባለሥልጣን ስለሆነ "ሹሜ" ትለዋለች። ሹሜ የመካኒኩን ወንበር ይይዛል፤ መካኒኩ ያስነሡታል፤ ዞር ሲሉ ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ዓመት በዚሁ ተቻችለው ኖሩ።

ታዲያ አንድ ሰሞን ሹሜ ውሃ መጠጣት አበዛ። ሳህኑ በቀን ሦስቴ ይሞላለታል፣ ሦስቴም ባዶ ይሆናል። የሚጸዳዳበት አሸዋ ጭቃ ሆነ። ይበላል፣ ግን ጎኑ እየሟሸሸ ሄደ። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋሉት መካኒኩ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ድመትሽ ስኳር ይዞታል" አሏት።

"አባባ ደግሞ! ድመትን ስኳር ይይዘዋል እንዴ?"

"እኔን ሲጀምረኝ እንደዚሁ ነበርኩ። ከቧንቧ ስር አልጠፋም ነበር።"

የእንስሳት ሐኪሟ ደሙንም ሽንቱንም አይታ የመካኒኩን ቃል አጸናች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ዩኒት፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አንድ ዩኒት፣ ሁልጊዜም ከበላ በኋላ። "መጠኑን ከፍ ዝቅ የማደርገው እኔ ነኝ" ብላ አስጠነቀቀቻቸው። "እናንተ ለክታችሁ ጻፉልኝ፣ ሌላውን ለኔ ተዉት።"

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማን ይውጋው የሚል ነበር። ምራትየው መነጽር ቤት ሌንስ ትቆርጣለች፤ ጠዋት በአስራ ሁለት ተኩል ወጥታ ማታ ሁለት ሰዓት ነው የምትመለሰው። ልጃቸው አስተማሪ ነው፤ ሃምሳ ተማሪ ጸጥ ያሰኛል፣ መርፌ ሲያይ ግን ፊቱ አመድ ይመስላል። አንዴ ደም ሊለግስ ሄዶ፣ ገና ክንዱን በአልኮል ሲጠርጉት ነው ከነወንበሩ የወደቀው።

"እንግዲህ ቀረሁ እኔ" አሉ መካኒኩ።

በመጀመሪያው ቀን ሹሜ ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ፣ የትከሻውን ቆዳ ድንኳን አድርገው ይዘው ወጉት። ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። "ጎበዝ! ከልጄ ትሻላለህ" አሉት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወግ ሆነ፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ እሳቸው። ወንበሩንም ለቀቁለት፤ ለራሳቸው ከወጥ ቤት ሌላ አመጡ። ምራትየው ማቀዝቀዣው ላይ ሰንጠረዥ ያሰመረችበት ወረቀት ለጠፈች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የበላው፣ የተወጋው፣ ስኳሩ። ማታ ስትገባ ወረቀቱን አይታ "እጅዎ ይባረክ አባባ" ሳትል ጫማዋን አታወልቅም።

ነገሩ የተበላሸው በሦስተኛው ሳምንት ነው። መካኒኩ ጠዋት ከመርፌው በፊት የሹሜን ጆሮ ጫር አድርገው ደሙን ሲለኩ ሦስት መቶ ሰማንያ። በማግሥቱ አራት መቶ። በሦስተኛው ቀንም ያው። ቁጥሩ አናደዳቸው። የሳቸው ሐኪም የጠዋት ስኳራቸው ከፍ ሲል ሁለት ዩኒት እንዲጨምሩ ፈቅዶላቸዋል፤ ስንት ዓመት ጨምረዋል፣ ስንት ዓመት ቀንሰዋል። ለድመት ሲሆን ምን ልዩነት አለው? ሁለት ዩኒት ቀዱ። ወረቀቱ ላይ ግን "1" ብለው ጻፉ።

ክፉ አስበው አይደለም። ምራታቸው ከሰማች ትጨነቃለች፣ ለሐኪሟ ትደውላለች፣ ሐኪሟም ነገ ኑ ትላለች፤ ለአንዲት ዩኒት ይሄ ሁሉ ግርግር ምን ያደርጋል? ቁጥሩ ሲወርድ ይነግሯታል፣ ያኔ ትስቃለች። ቁጥሩ ግን አልወረደም። ከአምስት ቀን በኋላ ሦስት አደረጉት። ወረቀቱ "1" እንዳለ ቀጠለ።

አንድ ማክሰኞ ምራትየው እረፍት ወጥታ መጋረጃ ታጥባለች። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ መካኒኩ ከኮሪደሩ አንድ ነገር ዘጭ ሲል ሰሙ። ብቅ ሲሉ ሹሜ ወድቋል። ሊነሣ ይሞክራል፣ የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ እንደ ሰካራም ግድግዳውን እየታከከ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይዘረራል። ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል። ዐይኑ ፈጧል፣ የሚያየው ግን የለም።

መካኒኩ ክው አሉ። ነገሩን ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለገም። ይህንን ከውስጥ ያውቁታል፤ ጉልበት ውሃ ሲሆን፣ ላብ ሲያጠምቅ፣ ሰው ሲያናግርህ ድምፁ ከሩቅ ሲመጣ።

"ማር አምጪ! ማር!" ብለው ጮኹ።

ምራትየው በእርጥብ እጇ የማሩን ብልቃጥ አቀበለቻቸውና ለሐኪሟ ደወለች። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። መካኒኩ መለኪያውን ጆሮው ላይ አደረጉ፤ ሠላሳ አራት።

"ጠዋት ስንት ዩኒት ወሰደ?" አለች ሐኪሟ።

ምራትየው ሮጣ ማቀዝቀዣውን አየች። "አንድ። ወረቀቱ አንድ ይላል።"

"በልቶ ነበር?"

"በልቷል።"

"አንድ ወስዶ፣ በልቶ፣ እንዲህ መሆኑ ያስገርማል። ሌላ በሽታ እንዳይኖርበት..."

መካኒኩ ጣታቸው በማር ተለውሶ የድመቱ ድድ ላይ ነው። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? እንዲህ ማሰባቸውን ለራሳቸው ሳይደብቁ፣ "ሦስት ነው" አሉ።

"ምን አሉ አባባ?"

"ሦስት ነው የወጋሁት። ከዚያ በፊትም ሁለት ነበር። ወረቀቱ ውሸት ነው።"

የታጠበው መጋረጃ ከመታጠቢያ ቤቱ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ቀድማ የተናገረችው ሐኪሟ ናት። "ስለነገሩኝ ጥሩ አደረጉ። ማሩን ድዱ ላይ ብቻ ይቀቡት፣ ጉሮሮው ውስጥ እንዳይጨምሩ፣ ያንቀዋል። ከዚያ ሳትቆዩ ይዛችሁት ኑ። የሦስት ዩኒት ጉልበት ገና አላለቀም፤ ቢነሣም መልሶ ይጥለዋል።"

ከአስር ደቂቃ በኋላ ስልሳ አንድ ደረሰ፤ ሹሜም ጭንቅላቱን አቀና። ታክሲ ውስጥ ምራትየው ድመቱን በፎጣ ጠቅልላ አቀፈች፤ መካኒኩ የማሩን ብልቃጥ በጉልበታቸው መሃል ይዘው ተቀመጡ። እስኪደርሱ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ሹሜ እግሩ ላይ ግሉኮስ ተተክሎለት ዋለ። ሐኪሟ መካኒኩን ወደ ጠረጴዛዋ ጠራቻቸው።

"ይለኩት የነበረው መቼ መቼ ነው?"

"ከመርፌው በፊት።"

"መድኃኒቱ ምን እንደሠራ የሚታየው ደግሞ ከመርፌው በኋላ ነው፤ አምስትም ስድስትም ሰዓት ቆይቶ። እኩለ ቀን ላይ የት እንደሚደርስ አንድም ቀን አላዩትም።"

መካኒኩ አሰቡበት። "ሞተር ሳላስነሣ ሙቀቱን ስለካ ነው የከረምኩት በይኛ።"

"እንደሱ ነው። ምናልባት በጣም እየወረደ፣ ሰውነቱ ደንግጦ ስኳር እየለቀቀ፣ ጠዋት የሚያናድድዎ ቁጥር ራሱ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ደግሞ አባት፣ እርስዎ ሲዞርብዎ ከረሜላ ይጠይቃሉ። እሱ ማንን ይጠይቅ?"



ማታ ሹሜን ይዘው ሲመለሱ፣ ምራትየው ደረጃው ላይ ቆም አለች። "ሊጎዱት እንዳልፈለጉ አውቃለሁ፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ አይደለም" አለች። "ማታ ማታ እየዋሹኝ እኔ ስመርቅዎት ነበር።"

"አጠፋሁ ልጄ" አሉ መካኒኩ። ለልጃቸው እንኳ እንዲህ ብለው አያውቁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መርፌው ከእጃቸው ወጣ። ሰዓቱ በሐኪሟ ፈቃድ ወደ አስራ ሁለት ተዛወረ፤ የጠዋቱን ምራትየው ከመውጣቷ በፊት ያዘች፣ የማታውን አስተማሪው ተረከበ። አስተማሪው ላቡን እየጠረገ ሲወጋ፣ መካኒኩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው "ቆዳውን ሳብ፣ በርጋታ፣ አሁን" ይላሉ እንጂ ሲሪንጁን አይነኩም። መጠኑ ወደ አንድ ተመልሷል።

ከክሊኒኩ በተመለሱ በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ከጠዋት እስከ ማታ በየሁለት ሰዓቱ ለክታችሁ አምጡልኝ አለች። እሑድ ቀን ሦስቱም ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ስላስፈለገ ጆሮውን የሚጭሩት መካኒኩ ሆኑ፤ ቁጥሩን የምትጽፈው ምራትየው። ሦስት መቶ አስር፣ ሁለት መቶ አርባ፣ መቶ ስልሳ አምስት፤ እኩለ ቀን ላይ መቶ አስር። ከዚያ ቀስ እያለ መልሶ ወጣ።

ምራትየው ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። "አንዷ ዩኒት ትበቃው ነበር ማለት ነው።"

"ትበቃው ነበር" አሉ መካኒኩ። "ጊዜ ነበር የምትፈልገው። ጊዜ አልሰጠኋትም።"

ያን ለት ነው ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ያየቻቸው። ሳምንት ሳይሞላም "አባባ፣ የጠዋቱን መልሰው ይያዙልኝ፣ እንቅልፍ ገደለኝ" አለቻቸው። እሺ አሉ፤ ሰዓቱም በሐኪሟ ፈቃድ ወደ አንድ ተመለሰ።

ሹሜ ጎኑ ሞላ፣ ውሃው ቀነሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ጠዋት መካኒኩ ቢለኩት ሰማንያ ሁለት ሆነ። ሲሪንጁን ሳይከፍቱ አስቀመጡትና ሐኪሟ ጋ ደወሉ፤ አይውጉት፣ ይብላ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩት፣ ከሰሞኑ ወደ ግማሽ ሳናወርደው አንቀርም አለቻቸው። ቀጥለው መነጽር ቤት ደወሉ። የሌንስ መቁረጫው ጩኸት ከጀርባ ይሰማል።

"ዛሬ አልወጋሁትም" አሉ።

"ምነው?"

"ሰማንያ ሁለት ነው። ሐኪሟም አይውጉ ብላለች። ጽፌዋለሁ።"

መቁረጫው ቆመ። "እሺ አባባ" አለች። "እርስዎስ ቁርስ በልተዋል?"

መካኒኩ ጠረጴዛውን አዩ። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ዳቦው እንደተቆረጠ ነው፣ የራሳቸውም መርፌ ገና አልተነካም።

"ልበላ ነው" አሉ።