ጋሩፋሊያ ቤት የዋለ ፋሲካ

ወይዘሮ ኤቫንቲያ «ዘንድሮ ፋሲካን ገጠር እንዋል፤ የልጅ ልጄ የቀድሞ ሰው ምን ይበላ እንደነበር ትወቅ» ሲሉ፣ ምራታቸው ስታማቲያ ነገር እንዳለበት ጠርጥራ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከእኚህ ሴት አፍ በጎ ነገር ወጥቶላት አያውቅም። ባሏ አርጊሪስ ግን ወዲያው መኪናውን አሳጠበና፣ ቅዳሜ ሹር ማለዳ እናቱን፣ ሚስቱንና የአሥራ አምስት ዓመት ልጁን ዳናይን ይዞ ከአቴና ወጣ።

ያረፉት አርካዲያ ተራሮች ውስጥ፣ እማማ ጋሩፋሊያ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ቤት ነው። ሴትዮዋ የሚተዳደሩት የከተማ እንግዳ እያሳደሩ ነው። እዚያ ቤት እንግዳ እጁን አጣጥፎ አይበላም፤ ወተት ያልባል፣ ሊጥ ያቦካል፣ እንቁላል ቀይ ቀለም ውስጥ ይነክራል። የዚያን ቀን ከተሰሎንቄ የመጡ ስድስት ሰዎችም ነበሩ። በጉ ታርዶ ተገፍፏል። የቀረው አንጀቱን አጥቦ፣ ጉበትና ሳንባውን ረጅም ብረት ላይ ሰክቶ፣ አንጀቱን በላዩ ላይ መጠምጠም ነው። ያለሱ የነገው ምሳ ምሳ አይባልም።

«አንጀቱን ማን ያጥብልኛል?» አሉ እማማ ጋሩፋሊያ ሳፋውን አንሥተው።

ሁሉም እየሳቀ ወደኋላ አፈገፈገ።

«ምን ችግር አለ፣ ባለሙያ ይዘን መጥተን!» አሉ ወይዘሮ ኤቫንቲያ። «ምራቴ አለች አይደል? ከእናቷ የወረሰችው ነው። ሴትዮዋ እኮ ገበያ ውስጥ ጨጓራ አጣቢ ነበረች።»

ዳናይ ወደ እናቷ ዞረች። «ልብስ ሰፊ ነበረች አላልሽኝም?»

የስታማቲያ ጆሮ ጋለ። «ትሰፋም ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አዎ፣ አንጀት!» አሉ አማቷ። የተሰሎንቄ ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። አርጊሪስም ሳቀ።

ስታማቲያ እጅጌዋን ሰብስባ ምንጩ ዳር ተቀመጠች። እማማ ጋሩፋሊያ ለቤተ ክርስቲያን አበባ አድርሰው እንደሚመለሱ ነግረዋት ሄዱ። አንጀቱን በቀጭን እንጨት ገልብጣ፣ በሆምጣጤና በሎሚ፣ በጨው፣ የሚወርደው ውሃ እንደ ምንጩ እስኪጠራ ድረስ ሰባት ጊዜ አጠበችው። እጇ ምንም አልረሳም። ዳናይ ከርቀት ቆማ በስልኳ ትቀርጻት ነበር።

«ነይ እስቲ ላሳይሽ።»

«ይሸታል» ብላ ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ ሄደች።

እማማ ጋሩፋሊያ ሲመለሱ አንዱን አንጀት አንሥተው ወደ ብርሃን አዩት፣ አሸተቱት። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። ሌላው እንግዳ ያጠበውን፣ ዘወር ሲል ጠብቄ እንደገና ነው የማጥበው። የአንቺን አልነካውም። በይ፣ መጠምጠሙንም አንቺው ጨርሺው።» ከአቴና ከወጣች ወዲህ የሰማችው ደግ ቃል ይኸው ብቻ ነበር።

በማግስቱ «ክርስቶስ ተነሥቷል!» «በእውነት ተነሥቷል!» እየተባለ፣ እንቁላል እየተጋጨ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር ገበታ ቀረበ። እማማ ጋሩፋሊያ እሳቱ ዘንድ ብቻቸውን ስለነበሩ ስታማቲያ ለእንግዶቹ ታቀርብ ጀመር። ሳህን ይዛ ባለፈች ቁጥር ሰው ፈገግ ይላል። ምግቡ ጣፍጧቸው መሰላትና እሷም መልሳ ፈገግ ትላለች። አንዱ ሰውዬ ከኋላዋ እንደ በግ ጮኸ። ሰክሯል ብላ አለፈችው።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ስትመላለስ ቆየች። በኋላ እማማ ጋሩፋሊያ ዳቦ ሊወስዱ መጡና ከኋላዋ ቀጥ አሉ። ከቀሚሷ ላይ አንድ ነገር ነቅለው መዳፏ ላይ አኖሩላት። የበጉ ጭራ ነው፤ ደም ደርቆበታል። የተሰካበት ቢራቢሮ ያለበት የብር መርፌ ቁልፍ ደግሞ ለዳናይ ልደት ስታማቲያ ራሷ የገዛችላት ነበር።

ገበታው በሳቅ ተናወጠ።

«ቀልድ ነው እኮ፣ እማ!» አለች ዳናይ ሆዷን ይዛ። «አያቴ ናት ስኪው ያለችኝ።»

«ከበረት የወጣ ምን ቢለብስ ጭራው አይደበቅም!» አሉ ወይዘሮ ኤቫንቲያ።

ስታማቲያ ባሏን አየችው። አርጊሪስ በሳቅ ያነባ ዓይኑን እየጠረገ ወይን ይቀዳል።

ጭራውን አማቷ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። «አንጀቱስ ጣፈጥዎት?»

«እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቴ አስጨምሬያለሁ።»

«እሰይ። ሳላጥበው ነበር እኮ የጠመጠምኩት። ፈርሱን ጨመቅ አድርጌ፣ በቃ።»

ማላመጥ ቆመ። አንዲት ሴት በአፏ ያለውን መሐረብ ላይ ተፋች። ወይዘሮ ኤቫንቲያ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ተነሥተው ወደ ሾላው ግንድ ሄዱ። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ስታማቲያ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም፤ ደረቷን እንደ አረቄ ያቃጠላት ደስታ ነው።

«እውነት ነው?» አሉ እማማ ጋሩፋሊያ ዳቦውን እንዳቀፉ። «እኔን እያየሽ ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«አይደለም» የሚል አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን አማቷ ግንዱን ተደግፈው እያስመለሱ ነው፤ ያንን ማየቱን መተው አልሆነላትም።

«እውነት ነው» አለች።

የተሰሎንቄ ሰዎች ሻንጣቸውን ያወጡ ጀመር። «ማንም እዚህ ቤት ዝር እንዳይል ለአገር ምድሩ እንጽፋለን!» ይላል እንደ በግ የጮኸው ሰውዬ። እማማ ጋሩፋሊያ ብረቱን ከእሳቱ ላይ አንሥተው፣ የተረፈውን አንጀት ጎትተው ለውሾቹ ጣሉት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ስታማቲያ ተከትላቸው ገባች። «እማማ፣ አጥቤዋለሁ። ማርያምን፣ ጥርት አድርጌ ነው ያጠብኩት። አማቴን ላሳምማት ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ድስት ይፈትጉ ነበር፤ ዞር አላሉም። «አውቃለሁ። ትናንት አሽትቼዋለሁ። ከአፍሽ ምን እንደሚወጣ ልይ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አጣቢዋ አላጠብኩም ስትል እኔን ማን ያምነኛል? በይ ውጪልኝ።»

ውጭ አርጊሪስ የመኪናውን ጥሩንባ ይነፋል። ስታማቲያ መኪናው ውስጥ ስትገባ ዳናይ ወደ መስኮቱ ሸሸች። እስከ አቴና ወይዘሮ ኤቫንቲያ ሊያስመልሳቸው ሲል ሁለት ጊዜ መኪና አስቆሙ።