የጋሽ ግዛው የወተት ኩፖኖች

ጋሽ ግዛው አልበሙን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ናቸውና፣ ላስ ቬጋስ ከመጡ ወዲህ ያገኙት ሥራ ቢኖር የዋጋ ቅናሽ ኩፖን መቁረጥና መደርደር ነው። ከልጃቸው ከብርቅታይት የሰርግ አልበም ፎቶዎቹን አውጥተው (ባልየው እንደሆነ ከሄደ ቆይቷል) በየኪሱ የሳሙናውን፣ የዘይቱን፣ የዳይፐሩን ሰክተውበታል። ብርቅታይት መጀመሪያ ላይ ትስቅባቸው ነበር። ዘ ስትሪፕ በሚባለው የሆቴሎች ጎዳና ላይ ሆቴል የምታጸዳበት ሥራ በሳምንት ወደ ሁለት ሺፍት ከወረደ ወዲህ ግን ሳቁም ቀርቷል።

ከሁሉም የሚሳሱለት የመጨረሻው ገጽ ነው፤ የወተቱ ፋብሪካ በፖስታ የላካቸው ስድስት የወተት ኩፖኖች። የአምስት ወሯ የልጅ ልጃቸው ኤልሮኢ ተራ ወተት ስትጠጣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዛታል። ኩፖኖቹ የሚሠሩለት፣ ሐኪም ያዘዘላት ልዩ የዱቄት ወተት ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።

«አባዬ፣ ሁለቱን እንኳ አሁን እንጠቀምባቸው» ብላቸው ነበር ብርቅታይት በግንቦት።

«ምን አጣደፈሽ? እስከ ኦክቶበር ጊዜ አላቸው። ሱቁ ጁን መጨረሻ ላይ ወተት ሴል ያደርጋል፣ ዋጋ ይቀንሳል። ያን ቀን ኩፖኑን ስንጨምርበት በግማሽ ዋጋ ነው የምንወስደው። የወተቱን ነገር ለእኔ ተዪው።»

ተወችላቸው። ደክሟት ስለነበር ኩፖኑን ገልጣ እንኳ አላየችም።

ሴሉ የተጀመረ ዕለት ብርቅታይት ሥራ ገባች። ጋሽ ግዛው ሕፃኗን በጋሪ እየገፉ፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ አውቶቡስ ጠብቀው ሱቁ ደረሱ። ስድስት ጣሳ ወተት ደረደሩና አልበሙን ልክ እንደ ድሮ ፋይላቸው ገለጡት። ገንዘብ ተቀባይዋ እዚሁ የተወለደች ሐሌሉያ የምትባል የሐበሻ ልጅ ናት።

«ሶሪ አባባ፣ ይሄ ኤክስፓየር አድርጓል።»

«እንዴት ሆኖ? ስድስት፣ አስር ይላል እኮ! ኦክቶበር ስድስት ነው።»

«ኖ፣ አባባ። እዚህ መጀመሪያ ወሩ ነው። ጁን ቴን ማለት ነው። ቱ ዊክስ አለፈው።»

ስድስቱንም አገላበጡ። ሁሉም ያው ነው። በጋዜጣ የሚመጡት ኩፖኖች ወሩን በፊደል ስለሚጽፉ እስከዛሬ አልተሳሳቱም። ዕድሜ ልካቸውን ቀን አስቀድመው ወር አስከትለው የጻፉ ሰው፣ ይህን ከየት ይወቁት? መጠየቅስ መች ይወዳሉ! ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። እንደዚያ አፍረው አያውቁም። የያዙት ገንዘብ ለሁለት ጣሳ ብቻ በቃ፤ ሐሌሉያ አራቱን ወደ ጎን አደረገቻቸው።

ቤት እንደገቡ ስልኩ ጮኸ። ብርቅታይት ናት፣ ብሬክ ላይ።

«አባዬ፣ ተሳካ?»

ጋሽ ግዛው እውነቱን ሊነግሯት አስበው ነበር።

«ተሳክቷል፣ ልጄ።»

«ተመስገን! አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?»

ስልኩን ዘጉ። ደመወዟ እስኪመጣ ገና አሥር ቀን አለ፤ ሁለት ጣሳ ደግሞ አምስት ቀን ቢያደርስ ነው። የኤልሮኢ ጡጦ ውስጥ ለአራት ማንኪያ ዱቄት የሚሆን ውኃ ለኩ። አንድ ጨመሩ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውን ሞልተው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ መልሰው ጣሳው ውስጥ ገለበጡት።

ኤልሮኢ እያየቻቸው ጠጣች። ጠጥታ ጨረሰችና ባዶውን ጡጦ አልለቅም አለች።