ሳይጠፋ ያደረ መብራት

የገርባሌ ሰው መብራት ሲመጣ ደስ አይለውም፣ ይጣደፋል። ስልኩን የሚሰካው፣ ካውያውን የሚያግለው፣ የውሃ ፓምፑን የሚያስነሳው፣ ሁሉም ይራወጣል፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆይቶ አያውቅማ። ከአይሻ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ በአሮጌው ሐዲድ ዳር ለተኮለኮለችው ለዚህች መንደር፣ መብራት ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ የሚወጣ እንግዳ ነው።

ሲስተር ታንጉትም ከሁሉ ጋር ትራወጣለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ከመጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ለሁለት ዓመት ተብላ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ እሷ ብቻ ስለሆነች የክትባቱ ፍሪጅም የእሷ ጣጣ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር እየሮጠች ሄዳ የፍሪጁን መቆጣጠሪያ ከሦስት ወደ ሰባት፣ ወደ መጨረሻው ቁጥር ታዞረዋለች። በተገኘችው ሰዓት ብርዱን ጠጥቶ ለቀጣዩ ጨለማ እንዲያቆይ ብላ ነው። መብራቱ ሲሄድ ወደ ሦስት ትመልሰዋለች። መመሪያው እንዲህ አይልም። መመሪያውን የጻፈው ሰው ግን ገርባሌ ኖሮ አያውቅም፤ ቢኖር እሱም ያዞር ነበር።

በዚያ ሰሞን ፍሪጁ ውስጥ ያለው ክትባት እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። ከሐዲዱ ወዲያ በግጦሹ አገር ትክትክ ገብቶ አራት ሕፃናት ወስዷል። አርብቶ አደሮቹ መርፌ አይወዱም። ጣቢያው አጠገብ የግመል ወተት የምትሸጠው ሆዶ ናት ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳ፣ በራሷ የልጅ ልጆች ምላ ያግባባቻቸው። «ዓርብ ጠዋት ይመጣሉ፣» ብላ ነበር ለታንጉት። «ሠላሳ አንድ እናት፣ ሠላሳ አንድ ሕፃን። እሑድ ግን ይነሣሉ፤ ዝናብ ጠርቷቸዋል።» ታንጉትም ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋ፣ ደጅ ጠንታ፣ ትክትክ የሚከላከለውን ክትባት ልክ ለሠላሳ አንዱ የሚበቃውን ከጅጅጋ አስመጣች። አንድም ትርፍ አልነበረውም።

ረቡዕ ጠዋት መብራት መጣ። እንግዶችም መጡ። ስለ አካባቢው የኃይል እጥረት ሕዝብ ሊያወያዩ ከላይ የተላኩ ሰዎች ናቸው። ታንጉት እንደ ልማዷ ሮጣ መቆጣጠሪያውን ሰባት ላይ አደረገችና ስትወጣ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ኤልሚ ሁለት ካርቶን የታሸገ ውሃ አስይዞ በር ላይ ጠበቃት።

«ሲስተር፣ ይቺን ለሁለት ሰዓት ብቻ ፍሪጅሽ ውስጥ...»

«አይሆንም።»

«እንግዳ እኮ ናቸው! ትኩስ ውሃ እናጠጣቸው?»

«አቶ ኤልሚ፣ በዚያ በር የሚገባው ክትባት ብቻ ነው። ከፈለጉ እኔን አስሮ መግባት ነው።»

ኤልሚ ውሃውን እርጥብ ጆንያ አልብሶ ጥላ ሥር አኖረው። ታንጉት ቀኑን ሙሉ ኮራች። ያቺን ኩራቷን ኋላ ስታስባት ፊቷን ያቃጥላታል።

ስብሰባው ሁለት ቀን ፈጀ። እሷንም የመስተንግዶ ኮሚቴ ውስጥ ከተቷት፤ ፍየል ማሳረድ፣ አልጋ ማስነጠፍ። ክርክሩ ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም። አንዱ ፀሐይ ይሻላል አለ፣ በዚህ አገር ከፀሐይ ሌላ ምን ሀብት አለና። ሌላው ነፋስ አለ፤ የአይሻ ነፋስ የቤት ክዳን ከሚገነጥል እስቲ ሥራ ይሥራ አለ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ከመንደሩ በላይ ወደ ጅቡቲ የሚያልፈውን ትልቁን ሽቦ አሳዩ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ትሉ የለም እናንተ በአማርኛችሁ? ያቺ ላም እኮ ይቺውላችሁ። እኛ ላይ ቆማ ሌላ ቤት ትታለባለች።» ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ታንጉትም ተናገሪ ተባለች። በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ መብራት እንደማታይ፣ በላምባ ፋኖስ እንደምታዋልድ ነገረቻቸው። ከእንግዶቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ መሐንዲስ፣ ቀና ብሎ ከጠዋት ጀምሮ የሚበራውን አምፖል አየና ፈገግ አለ። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ግን ምንም አልጻፈም።

መብራቱ ያን ዕለት አልሄደም። ማታም አልሄደም። በማግስቱም እንግዶቹ እስኪሸኙ ድረስ ቦግ ብሎ ዋለ። ማን እንደያዘው፣ ማንን ደስ ለማሰኘት እንደያዘው እግዜር ይወቅ። መንደሩ እንደ ሠርግ ቤት ደራ። ታንጉትም በሁለቱ ቀን ወደ ፍሪጁ ዞር ብላ አላየችም። ጠዋትና ማታ ቴርሞሜትሩን ማንበብ ግዴታዋ ነበር፤ ግን መብራት ካለ ፍሪጁ ደኅና ነው፣ ምን ይሆናል ብላ ተወችው። ለአሥራ አንድ ዓመት ስትሮጥ የኖረችው መብራት ሲጠፋ ነው። ሳይጠፋ ሲቀር የሚሮጥ እግር አልነበራትም።

ዓርብ በማለዳ በሩን ከፈተች። መቆጣጠሪያው ሰባት ላይ ነው። ብልቃጦቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ደርቀዋል፤ ሁሉም በረዶ።

አንዱን በመዳፏ ይዛ አሟሟቀችው። በረዶው ሲቀልጥ ደኅና መሰለ፣ ነጭ፣ እንደ ሌላው ሁሉ። ወዝውዛ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ደኅናው እንደ ወተት አንድ ሆኖ ይቆያል፤ ይህ ግን ወዲያው ሥሩ ላይ እንደ ጠላ አተላ ዘቀጠ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ይህ ክትባት አንዴ በረዶ ከመታው ሞቷል። በዚህ እሳት በሆነ አገር፣ መድኃኒትን ብርድ ይገድለዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እሷ ግን ተምራዋለች፣ ታውቀዋለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ኤልሚ ድምፅ ሰምቶ ገባ። ነገሩ ሲገባው በሩን ገርበብ አደረገው። «ሴቶቹ ደርሰዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ቀን ተጉዘው ነው። ሲስተር፣ ልጆቹን ዝም ብለሽ ውጊያቸው። ከውሃ አይከፋም። ባዶ እጃቸውን ከሄዱ ዳግመኛ አይመጡም፤ ሆዶንም አያምኗትም።»

እውነቱን ነበር፣ ያ ነው የከበዳት። መውጋቱ ቀላል ነበር፤ ማንም አያውቅም። ግን ልጆቻቸውን አስወግተው የሄዱ እናቶች፣ ልጆቻችን ድነዋል ብለው ከሚያስል ልጅ ጋር ያስተኟቸዋል። ታንጉት ተነሥታ ብልቃጦቹን ሁሉ ሰብስባ ከሚቃጠለው ቆሻሻ ጋር አስገባችና ወጣች።

ሴቶቹ በግድግዳው ጥላ ተደርድረው ልጆቻቸውን ያጠባሉ። ሆዶ ፊቷን አይታ ተነሣች። «ምን ሆነ? መብራት ጠፋ?»

«አልጠፋም፣ ሆዶ። ሳይጠፋ አደረ። እኔ ከፍ አድርጌው ረሳሁት። መድኃኒቱን በረዶ ገደለው።»

 ሆዶ ወደ ሴቶቹ ዞራ በሶማሊኛ፣ መብራት ጠፍቶ መድኃኒቱ ተበላሸ አለቻቸው። ለወዳጇ ብላ ነው፤ ይህን ማንም ያምናል። ታንጉት ግን የአሥራ አንድ ዓመት ሶማሊኛ ነበራት። «አይደለም» አለች በተሰባበረ ቋንቋቸው፣ ደረቷን እየነካች። «እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በአሥር ቀን ሌላ አስመጥቼ ያላችሁበት ድረስ በእግሬ እመጣለሁ።»

ማንም አልተቆጣም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ልጆቻቸውን አዘሉ። የመጨረሻዋ፣ ገና ልጅ እግር የሆነችው፣ ታንጉት ፊት ቆማ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሆዶ አንገቷን ደፋች፣ አልተረጎመችም፤ መተርጎምም አላስፈለገም።

«ሳሉ አሥር ቀን ይጠብቀናል?» ነው ያለችው።

«አላውቅም» አለች ታንጉት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፣ የሕፃኑን ፊት በሻሿ ጫፍ ከአቧራው ሸፈነችና ሌሎቹን ተከተለች።