ባሕር ያለበሰው ሉል

ሳልህ በክር ከተሰካው ሉል አንዱን በፊት ጥርሱ ፈተግ፣ ፈተግ አደረገው። እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከረው። ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ ያሟልጨው ነበር።

በጎንደር አዲስ ዓለም ካለችው የጨርቅ ሱቁ ውስጥ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ጭራቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጃቸው አምሳል ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከኋላቸው አቀርቅራለች።

«እህሳ፣ ምን ትላለህ፣ አያ ሳልህ?» አሉ መሪጌታ። «ጎረቤታችን አስናቀች ሰው የሠራው ነው አለችን። በጥሎሽ የውሸት ሉል የሚልክ ሰው፣ ቃሉስ በምን ይታመናል? ውሸት ከሆነ ሰርጉ ይቀራል።»

ሉሉን የላከው ምትኩ ነው፤ የአስመራን መንገድ በጭነት ማኪና የሚመላለስ ሾፌር። አምሳል ልቧን ከሰጠችው ቆይታለች።

ሳልህ የዳህላክ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ትንፋሹን ውጦ ባሕር እየጠለቀ ሉል ያወጣ ነበር። ለአንዲት ደህና ፍሬ ስንት ዛጎል በከንቱ ይፈለቀቅ ነበር! ኋላ ጃፓኖች ትንሽ ፍሬ በዛጎል ውስጥ እያኖሩ ሉልን እንደ እህል ዘርተው ማጨድ ቻሉ። ገበያው ወደቀ፣ ጀልባዎቹ ተሸጡ፣ ሳልህም ደጋ ወጥቶ አቡጀዴ ቸርቻሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የጃፓን ሉል ሲነሣ «እሱማ ማጭበርበሪያ ነው!» ሳይል ቀርቶ አያውቅም።

ክሩ የገባበትን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አዞረ። በልባሱና በውስጡ ፍሬ መካከል ቀጭን መስመር ታየው። የጃፓን ነው። የለመደው ቃል ምላሱ ላይ ደረሰ። ነገር ግን ሉሉን ሲያገላብጠው የሱቁ በርና የመሪጌታ ጥምጥም ጥርት ብለው ታዩበት። እንዲህ ያለ ጸዳል ካየ ስንት ዘመኑ!

«መሪጌታ፣ እውነተኛ ሉል ነው» አለ በመጨረሻ። «ፍሬውን ዛጎሉ ውስጥ ያኖረው ሰው ነው። ያለበሰው ግን ባሕር ነው።»

«በግእዙ ሉል ባሕርይ ይባላል፤ ባሕርይም ተፈጥሮ ነው» አሉ መሪጌታ ቅንድባቸውን ሰብስበው። «ሰው እጁን ያስገባበት ነገር ባሕርይ ይባላል?»

«ቀፎውን የሚሠራው ማን ነው?»

«ሰው ነዋ።»

«ማሩስ የማን ነው?»

መሪጌታ ሳቃቸው አመለጣቸው። «የንብ! ኧረ አንተስ ቅኔ ቤት ነበር የሚገባህ!»

አምሳል ቀና አለች። «ሸጋስ ነው፣ አያ ሳልህ?»

«ሸጋ ነው፣ ልጄ። ልባሱ ወፍራም ነው፣ መልኩም አንድ ዓይነት። ይቺ ብቻ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠባሳ አለባት፤ ይቺኛዋ ደግሞ ፈዘዝ ብላለች። ሽቶ ከተቀባሽ በኋላ እንጂ በፊት አታጥልቂው። ሎሚም አታስነኪው፤ ይበላዋል።»

አምሳል ሉሉን ተቀብላ እዚያው አንገቷ ላይ አጠለቀችው። አባቷም የተጣመመውን ክር በጣታቸው አቃኑላት።

መንገድ ሲጀምሩ ሳልህ እስከ ደጃፉ ተከተላቸው።

«አምሳል!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምትኩ አስመራ ሲወርድ ለእኔም እንደዚሁ ያለ አንድ ክር ሉል ያምጣልኝ። ለባለቤቴ ለዘይነብ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ስንኖር አንድ ሉል አላጠለቅኩላትም። ታዲያ ሲመርጥ ትልቅነቱ እንዳያታልለው፤ ፊቱን አጥርቶ የሚያይበትን ይምረጥ።»