ማሾ የቀረበበት ሰርግ

የእህቴ የዙልፋ እጮኛ አጎት፣ እህል ነጋዴው ጋሽ ሳልህ፣ ቤታችን ተቀምጠው የሰርጉን ዝርዝር ሲያነቡ እናቴ በየመስመሩ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ባለሦስት ደረጃ ኬክ፣ ከላይ እየበረረ የሚቀርጽ ካሜራ። ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሦስት መቶ ሰው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አፍኖ መቀቀል ክብር ሆኗል! የፕላስቲክ አበባ ከአዲስ አበባ በኪራይ የሚያስመጣው ደግሞ በየደጁ ማንጎ የሚያብብለት ሰው ነው።

“ለኛ ብለን እንኳ አልነበረም” አሉ ወረቀቱን እያጠፉ። “ሰው ምን ይላል ብለን ነው እንጂ።”

“እሺ፣ እናሟላለን” አለች እናቴ።

በምን እንደምታሟላ አውቃለሁ። አባታችን የተወልን ሮቢ ወንዝ ዳር ያለውን ግማሽ ሄክታር የመስኖ መሬት ብቻ ነው። የሽንኩርት ነጋዴው ሀይሉ ለሦስት ዓመት ልከራየው ብሎ ውል አዘጋጅቶ ይጠብቃል። የሦስት ዓመት እንጀራችን ለአንድ ቀን ኬክ!

ጋሽ ሳልህ እንደወጡ “እማዬ፣ ውሉን እንዳትፈርሚ” አልኳት።

“ታዲያ በምን ልዳራት? በአንቺ የታሪክ መጽሐፍ?” አስተማሪ መሆኔን በነገር መውጋት ትወዳለች።

“እጅሽ ላይ ባለው። ሠላሳ ሺህ ብር አለ፣ በረት ውስጥ ወይፈን አለ።”

“አንድ ወይፈን! የክርስቲያኖቹስ?”

ልክ ነበረች። በኛ ሰፈር ሙስሊም ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ ሌላ ከብት ይሰጣል፤ ራሳቸው ባርከው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። ይህን ያጎደለ ቤት ጎረቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። ሁለተኛ ከብት የምንገዛበት ገንዘብ ግን አልነበረንም።

“ለኔ ተይው” አልኳት። “ካቃተኝ ትፈርሚያለሽ።”

ቀኑን አርብ አደረግሁት። ከጁምዓ የሚወጣው ሰው ኒካሁን እዚያው መስጊድ ታድሞ በእግሩ ይመጣል። ድግሱ መሬታችን ላይ፣ ማንጎዎቹ ጥላ ሥር ይሆናል። ሰፈሩን ዞሬ ጠራሁ። ሙስሊሙ “ኢንሻአላህ”፣ ክርስቲያኑ “እግዜር ቢፈቅድ” አለኝ። የሁለተኛውን ከብት ነገር ግን ገና መላ አላገኘሁለትም ነበር።

ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው አጥር የምንጋራቸው እትዬ ጌጤ መጡ።

“ሙሀባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪኝ። አርብ ጾም መሆኑን ረስተሽ ነው ወይስ ሥጋችሁን ቆጥባችሁ?”

ረስቼው ነው። ከክርስቲያን ልጆች ጋር አንድ ደጅ ላይ ያደግሁ ሴት! መቶ ሃምሳ ጾመኛ ስጠራ አንዱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

“እንዴት ዝም ትሉኛላችሁ?” ብዬ ጮህኩ፣ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ።

“የተጠራ ሰው ቀን ያስለውጣል እንዴ? መጥተን፣ መርቀን፣ ውኃ ጠጥተን ልንሄድ ነበር።”

እናቴ ሻርፗን ዓይኗ ላይ ጫነች። “አዋረድሽኝ። ነገ ሄጄ እፈርማለሁ።”

እትዬ ጌጤ ግን ሳቁባት። “ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ ሴት? ከብት ተረፈልሽ እኮ! ጓዳሽ ማሾ የለም?”

ሁለት ኩንታል ነበር። አገራችን ይፋት ይህን አረንጓዴ ጥራጥሬ ያመርታል፣ ነጋዴ ጭኖ ለውጭ አገር ይሸጠዋል፣ እኛ ደግሞ ለእንግዳ ማቅረብ እናፍራለን። እስከዛሬ እንዴት አላናደደኝም?

“ደግሞ እኛ የምንቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው” አሉ እትዬ ጌጤ። “የእናንተ ሰው ከጁምዓ እንደወጣ ይበላል፣ ይነሳል፤ እኛ እንቀመጣለን። የዕድሩ አግዳሚና ሰሃን ለሁለቱም ይበቃል።”

የወንበር ኪራዩም በዚያው ቀረ። እናቴ ሻርፗን ከዓይኗ አወረደች።

ረቡዕ ጋሽ ሳልህ በባጃጅ ደረሱ። “ማሾ? ለሰርግ? እንግዳችንን የዶሮ መኖ ልታበሉት?”

“አንቱ ቤት የሠሩት በዚሁ የዶሮ መኖ አይደል እንዴ?”

“አፍሽን ሰብስቢ! ሰው ባይመጣ እኔን እንዳትወቅሺ።”

“ካልመጣ ያን ኬክዎን ገዝተው ብቻዎን ይበሉታል።”

አርብ መጣ። ጁምዓ ሲበተን መንገዱ በነጭ ቆብ ሞላ። ማንጎዎቹ ሥር የወንዙ ንፋስ ይነፍሳል፤ አዳራሽ የሚያህል ጥላ፣ ያለ ኪራይ። ወይፈኑ ለመቶ ሃምሳው ሰው በቃ፤ መንዙማው ሞቀ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክርስቲያኖቹ ሲመጡ የበላው ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ተነሥቶ ሰሃን አጠበ፣ ለጎረቤቱ እንጀራ አቀረበ። እትዬ ጌጤ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የሠሩት የማሾ ወጥ ሲከፈት ሽታው ሥጋ የበሉትን ሁሉ መልሶ አስቀመጣቸው። ሙሽራዋ ራሷ ሁለቴ አስጨመረች።

ጋሽ ሳልህን ዞር ብዬ ባይ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ጭልፋ ይዘዋል። “ብሉ! የኛ የቀወት ማሾ ነው!” ይላሉ። ደሜ ፈላ፤ ሰው እንዴት እንዲህ ፈጥኖ ይገለበጣል! ጭልፋውን ግን አልቀማኋቸውም። እያደሉ ነበራ።

ሀይሉም መጥቶ ነበር። ሦስተኛ ሰሃኑን ጨርሶ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣና እናቴን ጠራት። “እትዬ ፈይዛ፣ ውሉን ይዤዋለሁ። እዚሁ ብንፈራረምስ?”

እናቴ የያዘችውን የውኃ ጆግ መሬት ላይ አስቀመጠች።

“የማንን መሬት? ይሄን የተቀመጥክበትን?” አለች፣ ሁሉ እንዲሰማት። “ልጄን ድሬበታለሁ፣ አገር አብልቼበታለሁ። የዘንድሮውን ሽንኩርት የምተክለው እኔ ነኝ። ሲደርስ ደህና ዋጋ ይዘህ ና!”

እትዬ ጌጤ እልልታውን አቀለጡት፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው። ሀይሉ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ባዶ ሰሃኑን ወደ ጋሽ ሳልህ ዘረጋ።

“እንግዲህ ምን ይደረጋል” አለ። “እስቲ ጨምሩልኝ።”