ጥቁር ክፈፍ

ዝላቲናን ከሶፊያ ያመጣት አውቶቡስ መናኸሪያው ሲደርስ መጀመሪያ ያየችው የአባቷን ፊት ነው። ሰሌዳው ላይ፣ በቅርቡ በሞቱ ሁለት አሮጊቶች መሃል፣ በጥቁር ክፈፍ ተከቦ ተለጥፏል። እኛ ከተማ ሰው መሞቱን የሚነግርህ ጎረቤት አይደለም፤ ምሰሶና ግድግዳ ነው። ፎቶው በጥቁር ክፈፍ ገብቶ በየበሩ ይለጠፋል፣ በአርባው ይታደሳል፣ በሙት ዓመቱ ደግሞ እንደገና ይለጠፋል። የተለጠፈ ሰው ሞቷል፤ ክርክር የለውም።

ሻንጣው ከእጇ ወደቀ። ፊቱን ለዳቦ ቤቱ ዓርማ የሳለችው ራሷ መሆኗ ትዝ ያላት ቆየት ብሎ ነው። ሪዙ ሦስት ጭረት፣ ቆቡ አንድ ጭረት፣ ሁሉም የእጇ ሥራ ነው። ከሥሩ ያለውን አነበበች፦ «ቬሊችኮ። ከ1991 ጀምሮ። ሁልጊዜ ትኩስ።» ስለ ሬሳ እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ከዚያ እዚያው መንገድ ላይ አባቷን ሰደበችው።

ዝላቲና እንጀራዋ ለትናንሽ ሱቆች ዓርማ መሥራት ነው፤ የፀጉር ቤት መቀስ፣ የጫማ ሰፊ መርፌ ስትስል ነው የምትውለው። ለደንበኞቿ ሁሉ የምትለው አንድ ነው፦ ዓርማ አንድ ነገር ብቻ ይናገር፣ ከመንገድ ማዶ ይለይ፣ በአንድ ቀለም ከረጢት ላይ ቢመታም አይጥፋ። የአባቷ ዳቦ ቤት አሮጌ ሰሌዳ ይህን ሁሉ ይጥሳል። ሁለት ቆቦች ጎን ለጎን ተስለውበታል፤ አንዱ የቬሊችኮ፣ አንዱ የታናሽ ወንድሙ የስፓስ። ዳቦ ቤቱን የከፈቱት ሁለቱ ናቸው። ከተነጋገሩ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው በሐምሌ ሙቀት ስትሞት ስፓስ ስፔን እንጆሪ ለቀማ ላይ ነበር። ጠብቁኝ ብሎ ደወለ። ቬሊችኮ ሙቀቱን ፈራ፣ ቄሱም አጣደፉት፣ ቀበራት። ስፓስ በማግሥቱ ደረሰ። መቃብሩ ላይ ቆሞ «አንተም ስትሞት እኔ አልቀብርህም» አለውና ከፍ ብሎ ወዳለው የሚስቱ መንደር ወጥቶ ቀረ።

አዲሱን ዓርማ በስልክ ስትልክለት አባቷ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ቆብስ? አንድ ነገር ብቻ ይናገር የሚለውን ትምህርቷን አስረዳችው። አባቷም አንቺ ታውቂያለሽ አለና ዘጋው። ያን ጊዜ ይህን እንደ መስማማት ቆጥራው ነበር፤ አሁን ሲያስቡት የሚያሳፍር ነገር ነው።

ዳቦ ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ቬሊችኮ ሽርጡን እንደታጠቀ መሃላቸው ቆሞ፣ ለገዛ ለቅሶው ለመጡት አይብ የገባበትን ትኩስ የባኒጻ ቂጣውን እየቆረሰ «አይቡ ሳይበርድ ብሉ» ይላል። ጎረቤቷ እትዬ ፔና ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ በሳህን ይዛ ተኮሳትራለች።

«እኔ መኖሩን የሰማሁት ንፍሮውን ከቀቀልኩ በኋላ ነው» አለቻት። «ታዲያ ልድፋው? ብሉ፣ ለሚሞትበት ቀን ይሁነው።»

ጥፋቱ የማተሚያው የኢግናት ነው ተባለ። ኢግናት ሠላሳ ዓመት የሞት ማስታወቂያ ሲያትም የኖረ ሰው ነው፤ ፊት ያለበት ወረቀት ሲመጣለት እጁ ሳይጠይቀው ክፈፉን ይጨምራል። ዝላቲና ሄዳ ብትቆጣው «ልጄ፣ ሰውዬውን ራቁቱን ልስደደው?» አላት። የለጠፈው ደግሞ አባቷ ራሱ ነው፤ ልጄ የሠራችው ነው ብሎ እየኮራ፣ ለእናቱ የለጠፈባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ተከትሎ። እግሩ ሌላ መንገድ አያውቅማ። የባሰው ጥፋት ግን የእሷ ነበር፤ ይህን ለራሷ ሳትሸሽግ አመነች። ሥዕሉ ምን እንደሚል ስትጨነቅ፣ የአገሯ ሰው ዓይን ጥቁርና ነጭ ፊት ሲያይ ምን ማንበብ እንደለመደ ረስታለች።

ልትገነጥለው ስትወጣ አባቷ በሩ ላይ ያዛት።

«ተዪው።»

«አባዬ፣ ሰው እኮ ሞተሃል እያለ ነው።»

«ይበል። ምን ጎደለብኝ?»

ዓይኑ ግን መናኸሪያው ላይ ነበር፤ የላይኛው መንደር አውቶቡስ የሚቆምበት ላይ። ያን ጊዜ ገባት። ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው ወንድሙ ለቀብሩ ይመጣ እንደሆነ ሊያይ ቆሟል።

በማግሥቱ ዓርብ ቬሊችኮ ከረባት አሰረ። ዳቦ ጋጋሪ ከረባት አስሮ ሊጥ አያቦካም፤ እሱ ግን አቦካ። አውቶቡሱ በቀን ሁለቴ ይወርዳል፤ ሁለቴም ወጥቶ ቆመ። ከላይ ማን ወረደ እያለ ጠየቀ፤ አንድ መምህርት ወረደች፣ አንድ ፍየል የያዘ ሰው ወረደ። ማታ እራቱን ሳይነካ ተነሳ። በቁሙ ያለ ሰው ለቀብሩ ስላልመጡለት ምን ተብሎ ይጽናናል?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የዕለቱ ተረኛ የላይኛው መንደር አውቶቡስ ሾፌር ኪሮ በጋዜጣ የተጠቀለለ አበባ ይዞ መቃብሩ የት እንደሆነ ሊጠይቅ ገባ። ቬሊችኮን ሲያይ ደርቆ ቀረ። ጋዜጣው ውስጥ ሁለት ነጭ ጽጌረዳዎች ነበሩ። ለቆመ ሰው አበባ አንድ ወይም ሦስት ነው፤ ሁለት የሚሰጠው ለሞተ ብቻ ነው።

«ስፓስ ነው የላከኝ» አለ ኪሮ አንገቱን ደፍቶ። «እግሬ እምቢ አለኝ፣ መቃብሩ ላይ አስቀምጥልኝ አለኝ። እናታችን ጎን ነው ያረፈው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አዎ አልኩት፣ ጋሼ። ወረቀቱን ነው ያየሁት፣ ምን ላውቅ?»

«አለቀሰ?»

«አልቅሷል። ደግሞ...» ኪሮ ዝላቲናን አየት አደረገ። «መቃብሩ ላይ ሆነህ ጮክ ብለህ ይቅር ብሎሃል በለው አለኝ።»

ቬሊችኮ አበቦቹን ተቀበለ። የቆርቆሮ ጣሳ አንስቶ ውሃ ሞላበትና አበቦቹን ከተተበት። ኪሮን ወደ ላይ ስትመለስ ለዛሬ ምንም እንዳትናገር ብሎ ለመነው፤ ኪሮም ማለና ወጣ።

ዝላቲና ስልኳን አወጣች። አባቷ እጇን ያዘ።

«ደውለሽ ምን ልትዪው ነው? አልሞተም፣ ይቅርታህን መልሰህ ውሰድ?»

«አባዬ፣ መኖርህን ቢሰማ እኮ ደስ ይለዋል።»

«ደስ ካለው እሰየው። ካላለውስ? ይቅር ያለው የሞተውን ነው፤ የኖረውን አይደለም።»

አንድ ቆብ በአንድ ጭረት መሰረዝ እንዴት ቀልሏት እንደነበር አሰበችና አለቀሰች። እሱ ጣሳውን መስኮቱ ላይ አድርጎ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከረባቱን እስካሁን አልፈታም።

«ነገ እሁድ ነው፤ ለገበያ የሚወርዱት አይተውኝ ይነግሩታል» አላት። «እስከዚያ በይቅርታው ልቆይበት፣ ልጄ። አንድ ቀን ነው።»

ስልኩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጎኑ ተቀመጠች።