አግዳሚው ላይ የተቀመጡት

«ሳብ! ቀስ ብለህ እንጂ፣ ማን ያባርርሃል?» አለች ሲስተር ቬልዳ፣ የመድኃኒቱን ጭምብል አልሪክ ፊት ላይ እያስተካከለች።

አልሪክ ገበያው በር ላይ ኮኮናት ይሸጣል፤ ልጅ ሳሉ እሱና ቬልዳ አንድ ክፍል ተምረዋል። ከሰሃራ የተነሳው አቧራ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ካሪቢያን ከደረሰ አራተኛ ቀኑ ነው። እሱም በአራት ቀን ውስጥ ድንገተኛ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ይህ ሦስተኛው ነው። ከጎኑ ዘጠኝ ሰዎች ተደርድረው ያፏጫሉ፤ በአፋቸው ሳይሆን በደረታቸው።

«ቶሎ ልቀቂኝ፤ ኮኮናቴን ለዚያች ሌባ ጎረቤቴ አደራ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ።

«አፍህን ዝጋና ሳብ!»

አግዳሚው የቬልዳ ሐሳብ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት፣ አስም የተነሳበት ሁሉ አልጋ ከሚጠብቅ እዚሁ በማሽን መድኃኒቱን ስቦ፣ ሲቀለው ይሂድ ብላ ተሟግታ አስገባችው። ብዙ ሰው አትርፏል፤ እሱን ማንም አይክድም።

የነርሶቹ አለቃ ሜትረን አያንቲ ወረቀት ይዛ እየሳቀች ገባች።

«ቬልዳዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! በአስም የሚተኛው ሰው በስምንት ዓመት ውስጥ በግማሽ ቀንሷል። ከሰዓት የጤና ሚኒስቴር ሰዎች ይመጣሉ፤ ሽልማቱ ያንቺ ነው።»

«አትይኝም!»

ቬልዳ ደስ አላት። ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ያመሰገናት አልነበረም።

«ፎቅ ያሉትን ስድስቱን የአስም አልጋዎችም አይተው ዛሬውኑ ያስዘጓቸዋል። ባዶ ክፍል ምን ይሠራል? ለቢሮ ተፈልጓል።»

የቬልዳ ፈገግታ ጠፋ።

«መዝገቡ ላይ የሚጻፈው እኮ አልጋ የያዘ ብቻ ነው። እነዚህስ?»

«እነሱማ ታክመው ይሄዳሉ።»

«ሄደው ይመለሳሉ! አልሪክ ሦስቴ መጥቷል፤ አንዴም አልተጻፈም።»

«በገዛ ደስታሽ ላይ ውኃ አትቸልሺ እንግዲህ።»

ቬልዳ የኦክስጅን መለኪያውን አልሪክ ጣት ላይ ሰካች፤ ሰማንያ ስምንት፤ በጣም ዝቅ ብሏል። ትናንት ዘጠና ሲሆን «ይበቃሃል» ብላ የሸኘችው ራሷ ናት። ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ቤቱ ውስጥ ትንፋሽ ቢያጥረው ማን ይሰማዋል? አፈረች። ስንቱን መተኛት የነበረበትን ሰው፣ አግዳሚው ይለቀቅ ብላ ወደ ቤቱ ሰዳለች!

«ዛሬ ትተኛለህ» አለችው።

«ምን በወጣኝ! ኮኮናቴስ?»

«ኮኮናትህ አስም የለበትም።»

ጎኑ የተቀመጡት ሳቁ፤ ሳቁም ሳል ሆነባቸው። ቬልዳ ወደ እነሱ ዞረች።

«በዚህ ሳምንት ከአንዴ በላይ የመጣችሁ፣ እስቲ እጃችሁን አውጡ።»

ሰባት እጅ ወጣ። የሁሉንም ኦክስጅን ለካችና የባሰባቸውን አምስቱን ለየች። ተረኛውን ሐኪም ጠራች፤ እሱም ከአልሪክ ጀምሮ የስድስቱንም ደረት አዳምጦ የመኝታ ፎርማቸው ላይ ፈረመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች አያንቲ። «ሰዎቹ ሊደርሱ ነው፤ ልብስሽን ቀይሪ! ፎቶ አለ እኮ!»

«ፎቶውን እናንተ ተነሱ። እኔ ፎቅ ወጥቼ ስድስቱንም አልጋ ላንጥፍ» አለች ቬልዳ፣ የአልሪክን ተሽከርካሪ ወንበር ወደ አሳንሰሩ እየገፋች።